አንድ ብልቃጥ፣ ብዙ ጠረን
የዕጣን ቅባት ሽቶ ከሰው ሰው ለምን ይለያያል?

መግቢያ

አማርኛችን ለአፍንጫ የሚደርሰውን ሁሉ በአንድ ቃል አይጠራውም። ደስ የሚለውን «መዓዛ»፣ የሚያስጠላውን «ግማት» ወይም «ክርፋት»፣ በደፈናው ሲሆን ደግሞ «ሽታ» እንላለን። ከእነዚህ ተለይቶ «ጠረን» የሚባል አለ። ጠረን ከአንድ ገላ ወይም ከአንድ ቤት ጋር ተጣብቆ የሚኖር ሽታ ነው። በግ ከመንጋው መሐል ግልገሏን ለይታ የምታጠባው በጠረኑ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ሽቶ ከብልቃጥ ወጥቶ ገላ ላይ ሲያርፍ ብቻውን አይሸትም፤ ከተቀባው ሰው ጠረን ጋር ተደባልቆ ሌላ፣ ሦስተኛ ሽታ ይሆናል።

ርዕሱን እንድመርጥ ያደረገኝ በተማሪዎች መካከል የሚሰማ አንድ አባባል ነው። «ሽቶ ደም ይመርጣል» ይባላል። አባባሉ ለጨዋታ ያህል ሲሆን ምንም አይደለም። ነገር ግን «አንቺ ላይ ሲሆን ይበላሻል» ወደሚል ሲሻገር ሰው ያሸማቅቃል። ታዲያ ነገሩ እውነት የደም ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? በትምህርት ክፍላችን የተማርናቸው ጥቂት የኬሚስትሪ ሕጎች ለዚህ ጥያቄ መልስ አላቸው።

በቤታችን ያየነው

ደባርቅ ከተማ ውስጥ አራት ሆነን አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ከመካከላችን አንዷ ዕጣን ዕጣን የሚል የቅባት ሽቶ በትንሽ ብልቃጥ ገዝታ መጣችና ሁላችንም የእጃችን አንጓ ላይ አንዳንድ ጠብታ ተቀባን። ጥናት አልነበረም፤ ያው የሴቶች ጨዋታ ነው። ሆኖም ልዩነቱን ለማስተዋል አላዳገተም።

ቆዳዋ ወዛም የሆነው ልጅ ላይ ሽታው ከባድና ጣፋጭ ሆኖ እስከ ማታ ቆየ። እኔ ቆዳዬ ደረቅ ነው፤ መጀመሪያ ላይ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ስል ብሎ ሸተተ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን የለም። ሦስተኛዋ ጠዋት እንጀራ ስትጋግር ስለነበር እሷ ላይ ልክ ቤተ ክርስቲያን የተገባ ያህል ነበር። አራተኛዋ ከዳባት ገጠር የመጣች ናት፤ ፀጉሯን ቅቤ ትቀባለች፣ እጇ ላይ የቀረውንም ክንዷን ታሽበታለች። እሷ ላይ መጀመሪያ ብዙም አልሸተተም፣ ከቅቤው ጋር ሆኖም ለየት አለ። ያን ጊዜ ነው ለጥየቃ የመጣች ልጅ «አንቺ ላይ ተበላሸ» ያለቻት። ልጅቷ ሳቅ ብላ ዝም አለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ብልቃጡን አልነካችውም።

በብልቃጡ ውስጥ ምን አለ?

ዕጣን ለኛ እንግዳ አይደለም። ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርደን ወደ ተከዜ ሸለቆ ብንዘልቅ፣ ወይም በጎንደር በኩል ወደ መተማና ቋራ ብንሄድ፣ በቆላው ደረቅ መሬት ላይ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ ዛፍ እናገኛለን። ሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ነው፤ ሁለተኛው ቃል «ወረቀት ተሸካሚ» እንደ ማለት ነው። ግንዱ በስለት ሲፋቅ የሚወጣው ፈሳሽ ደርቆ ዕጣን ይሆናል። ዕጣን በውስጡ ሦስት ነገር አለው፦ በውኃ የሚሟሟ ሙጫ፣ በአልኮል የሚሟሟ ሬዚን እና በቀላሉ የሚተን ዘይት። ሽቶ ሠሪ በዋናነት የሚፈልገው ዘይቱን ነው።

የዘይቱ ይዘት እንደ ዛፉ ዓይነት ይለያያል። በኦማንና በየመን ከሚበቅለው ቦስዌሊያ ሳክራ በሚገኘው ዘይት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚበዛው አልፋ ፓይኒን ነው፤ ሽታው ወደ ጥድና ወደ ተርፔንታይን ያደላል። በኛው ዕጣን ዘይት ውስጥ ግን የሚበዛው ኦክታይል አሲቴት የሚባል ኤስተር ነው። ይህ ውሁድ ብርቱካን የሚመስል የፍራፍሬ ሽታ አለው። ከእነዚህ ሌላ እንደ ኢንሴንሶል ያሉ ትልልቅ ሞለኪዩሎችም አሉ።

ዋናው ቁም ነገር እነዚህ ሁሉ እኩል አይተኑም። አልፋ ፓይኒን የሚፈላው በ156 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፣ ኦክታይል አሲቴት በ210 ገደማ፣ 20 ካርበን ያለው ኢንሴንሶል ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ስለዚህ ሽቶ ማለት ተራ ጠብቀው የሚወጡ ሞለኪዩሎች ስብስብ ነው። ቀላሎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይሄዳሉ፣ መካከለኞቹ ለሰዓታት ይቆያሉ፣ ከባዶቹ እስከ ማግስቱ ልብስ ላይ ይገኛሉ። አልኮል ያለበት የሚረጭ ሽቶ አልኮሉ ቶሎ ስለሚተን ገና ሲረጭ ግው ይላል። የቅባት ሽቶ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

እርግጥ ገበያ ላይ የሚገኝ ብልቃጥ ሁሉ ንጹሕ የዕጣን ዘይት አይደለም። ከሰንደል፣ ከዑድ ወይም በፋብሪካ ከተሠራ ሚስክ ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። የአተናነኑ ሥርዓት ግን ያው ነው።

ቆዳ እንደ አሟሚ

እዚህ ላይ የራኡልትን ሕግ እናስታውስ። በአንድ ሙሙት ውስጥ ያለ ተናኝ ነገር የሚያሳየው የትነት ግፊት በሙሙቱ ውስጥ ባለው የሞል ድርሻ ልክ ነው። ሽቶ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ከቆዳው ወዝ ጋር ይቀላቀላል። ወዝ ራሱ አይተንም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ወዝ በበዛ ቁጥር የሽቶው ሞለኪዩሎች የሞል ድርሻ ያንሳል፣ ትነቱም ይቀንሳል። ዘይት ወዳድ የሆኑት ሞለኪዩሎች ወዙ ውስጥ ይቀመጡና ጥቂት በጥቂት ይወጣሉ።

ወዛም ቆዳ ላይ ሽታው እስከ ማታ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ደረቅ ቆዳ ላይ ይህን የሚይዝ ነገር ትንሽ ስለሆነ ብርቱካን ብርቱካን የሚለው ክፍል በአንድ ጊዜ ይወጣና ያልቃል። ሽታው የሌላት ልጅ ሽቶ አይስማማትም ማለት ሳይሆን የሚይዝላት ቅባት አነሰ ማለት ነው።

የቆዳ ሙቀትም ድርሻ አለው። እንዲህ ላሉ ውሁዶች ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የትነት ግፊት በግምት እጥፍ ይሆናል። የደም ሥር የሚቀርብበት አንጓና አንገት ሞቅ ስለሚል እዚያ የተቀባ ሽቶ ቶሎ ይሸታል።

ላብስ? ትኩስ ላብ ራሱ ሽታው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሽታ የሚሰጡት ላቡን የሚመገቡት የቆዳ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ዓይነታቸውና ብዛታቸውም ከሰው ሰው ይለያያል። የምንበላውም ይጨመርበታል። አብሽ የሚያዘወትር ሰው ላቡ ጣፋጭ ነገር ይሸታል፤ ምክንያቱ ሶቶሎን የሚባል ውሁድ ነው። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰውም በትንፋሹ ይታወቃል። በዘር የሚወረስ ነገርም የለም አይባልም፤ ለምሳሌ የብብት ሽታ መጠን ከአንድ የዘረመል ልዩነት ጋር እንደሚያያዝ ታውቋል። «ደም ይመርጣል» ለሚለው አባባል የሚቀርበው እውነት ይህ ብቻ ነው፤ ይህም ቢሆን ደምን አይመለከትም።

ቅቤና ጢስ

በስሜን ግርጌ ባሉ መንደሮች ገላና ልብስ ከሁለት ነገር አያመልጡም፦ ከቅቤና ከጢስ። እንደ ነውር የሚታዩትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይባቸው።

ቅቤ ስብ ነው፤ ስብ ደግሞ መዓዛ የሚይዝ አሟሚ ነው። በፈረንሳይ ግራስ በምትባለው የሽቶ ከተማ የአበባን መዓዛ የሚያወጡት አበባውን በእንስሳ ሞራ ላይ እየነሰነሱ ነበር፤ መዓዛው ወደ ሞራው ይገባል፣ ከዚያ በአልኮል ይታጠብና ይወሰዳል። እናቶቻችን አደስ ወቅጠው ከለጋ ቅቤ ጋር ለውሰው ፀጉር ሲቀቡ የሚሠሩት በዚሁ መርህ ነው። ስለዚህ ቅቤ የነካው ክንድ ላይ የተቀባ ሽቶ መጀመሪያ ዝም ቢል አያስገርምም፤ ስቡ ይዞታል። የቤታችን ልጅ ላይም ወደ ማታ ገደማ ከቅቤው ውስጥ ሞቅ ያለ የዕጣን ሽታ ብቅ ብሏል፤ ያቺ እንግዳ ግን ያን ጊዜ ሄዳለች።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ቅቤ ሲቆይ ይሻግታል፤ ስቡ ሲፈርስ ቡቲሪክ አሲድ ይለቀቃል። ይህ አሲድ ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ማንኛውንም ሽቶ ይሸፍናል። መፍትሔው ቅቤን መተው ሳይሆን የቆየውን አጥቦ ለጋውን መቀባት ነው።

ወደ ጢስ እንምጣ። ዕጣን ፍም ላይ ሲነሰነስ ዘይቱ ብቻ አይደለም የሚወጣው። ሙጫውና ሬዚኑም በሙቀት ይፈራርሱና ከጢሱ ጋር ይመጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጽናው፣ ቡና ሲፈላ ከማጨሻው የምናሸተው ይህን ድብልቅ ነው። ብልቃጥ ውስጥ ግን ጢስ የለም፤ ለዚህ ነው አንዳንዶች ገዝተው «ኧረ ይሄ ዕጣን አይመስልም» የሚሉት። በሌላ በኩል የማገዶ ጢስ ጓያኮልን የመሳሰሉ ፊኖሎች አሉት፤ እነሱም ጋቢና ፀጉር ውስጥ ገብተው ይቆያሉ። እንጀራ የጋገረች ልጅ ያን ዘይት ስትቀባ የጎደለው ጢስ ይሟላል። ከአራታችን ትክክለኛውን ዕጣን የሸተተችው የምድጃ ጢስ የነካት ልጅ መሆኗ በአጋጣሚ አይመስለኝም። አውሮፓውያን ሽቶን የሚጠሩበት «ፐርፊውም» የሚለው ቃል ራሱ «በጢስ በኩል» ከሚል የላቲን ሐረግ የመጣ ነው።

ብርድና ከፍታ

ዳባት ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,600፣ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ደባርቅ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው፤ ውኃም በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሣሣ ባለ አየር ውስጥ የሽታ ሞለኪዩሎች በፍጥነት ይበተናሉ። ብርዱ ግን በተቃራኒው ይጎትታል፤ እጅ በሚያደነዝዝ የጠዋት ውርጭ ትነት ስለሚቀንስ ሽቶው ዝም ይላል። የተቀባው ሰው ፀሐይ ሲሞቅ ወይም ሰው የሞላበት ክፍል ሲገባ ይነቃል። ጠዋት «አልሸተተኝም» ብሎ ደጋግሞ የሚቀባ ተማሪ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍሉን ሁሉ የሚያጥነው በዚህ የተነሳ ነው። ያንኑ ሽቶ ሊማሊሞን ወርዶ ቆላ ላይ የተቀባ ሰው ደግሞ ገና ከጅምሩ በሙሉ ኃይሉ ያገኘዋል፤ ቶሎም ያልቅበታል።

የአሽታቹ አፍንጫ

እስከ አሁን ያየነው የተቀባውን ሰው ነው። ግማሹ ጉዳይ ግን ያለው አሽታቹ ዘንድ ነው። ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክስል የሽታ ተቀባዮችን የሚመለከት ግኝታቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን በ2004 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ሰው የሚሠሩ 400 ያህል የሽታ ተቀባይ ዓይነቶች አሉት፤ የእኔና የጎረቤቴ ግን ፍጹም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንድ ሚስኮችን ጨርሶ የማያሸቱ ጤነኛ ሰዎች አሉ።

አፍንጫ ይለምዳልም። የራሳችንን ሽቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አናሸተውም፤ የቤታችንን ጢስም እንደዚሁ። ከተማ ያደገ ሰው ከገጠር በመጣ ሰው ላይ ጢስ ሲያሸት፣ የገጠሩ ደግሞ በከተሜው ላይ ሳሙናና ናፍታ ያሸትታል። ሁለቱም የሚሰማቸው ያልለመዱት ነው። ስለዚህ «ተበላሸ» የሚለው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፈራጁ አፍንጫ እንጂ ስለ ተፈረደበት ሰው ንጽሕና አይነግረንም።

እንዴት እንምረጥ?

ከላይ ከተገለጸው ተነስቶ የሚከተለውን ማለት ይቻላል።

1ኛ. ሽቶ በብልቃጥ አፍ ወይም በጓደኛ እጅ ላይ ተሽትቶ አይገዛም። በራስ ቆዳ ላይ አንድ ጠብታ አድርጎ ገበያውን ዞሮ መመለስ ይሻላል፤ ቀላሎቹ ሞለኪዩሎች ሄደው የሚቀረውን ነው ቀኑን ሙሉ ይዘነው የምንውለው።

2ኛ. ቆዳው ደረቅ የሆነ ሰው መጀመሪያ ሽታ የሌለው ቅባት ቢቀባ ሽቶው ይቆይለታል።

3ኛ. በብርድ ጠዋት መጠን አይጨመርም። ለሰው የሚደርሰውን ሽታ ለማወቅም የራስን አፍንጫ ሳይሆን ሌላ ሰው መጠየቅ ነው።

4ኛ. ብልቃጡ ከፀሐይ ርቆ በደንብ ተከድኖ ይቀመጥ። የቆየና ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደ ዘይት ቆዳ ሊያስቆጣ ይችላል፤ ካሳከከ መተው ነው።

ማጠቃለያ

አንድ ሽቶ በተለያየ ሰው ላይ የሚለያየው በቆዳ ወዝ፣ በሙቀት፣ በባክቴሪያ፣ በምግብ፣ ገላና ልብስ ላይ ቀድሞ ባለው ቅቤና ጢስ፣ በአየሩ፣ እንዲሁም በአሽታቹ አፍንጫ ምክንያት ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሕጋቸው በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ አለ። መምህራኖቻችን የራኡልትን ሕግ ሲያስተምሩ ከቤንዚንና ከቶልዊን ምሳሌ ጎን ይህችን ጠብታ ቢያነሱልን ሕጉ ከክፍል ወጥቶ ቤታችን ድረስ ይከተለናል። እኛ ተማሪዎች ደግሞ በጓደኛችን ላይ ሽቶ ለየት ብሎ ሲሸተን «ተበላሸ» ከማለታችን በፊት «ከምን ጋር ተቀላቅሎ ይሆን?» ብለን ብንጠይቅ ከኬሚስትሪውም ከሰውየውም አንርቅም።