ከግዢ በኋላ የሚመለስ ገንዘብ፦ ተረትና እውነታ

ሙሉ ዋጋ ከተከፈለ በኋላ የተወሰነው ገንዘብ ለገዢው የሚመለስበት ኩፖን በአሜሪካ መደብሮች የቆየ አሠራር ነው። ገዢው ኩፖኑን ሞልቶ፣ ደረሰኙን አያይዞ ለአምራቹ ይልካል፤ ገንዘቡም ከሳምንታት በኋላ ይደርሰዋል። ብዙው ሰው መላኩን ይረሳል፤ አምራቹም ይህን አስቀድሞ አስልቶታል። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር እንዲህ ያለ ኩፖን የተለመደ አይደለም። ከግዢ በኋላ የሚመለስ ገንዘብ ግን አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በሌለበት ቦታ ነው እንጂ።

በጃቢ ጠህናን፣ በወንበርማና በቡሬ ዙሪያ ለኩፖን የሚቀርበው ወረቀት የግብዓት ቫውቸር ነው። ቫውቸር የያዘ ገበሬ ማዳበሪያ በቅናሽ ያገኛል የሚል እምነት አለ። አያገኝም፤ ቫውቸሩ የክፍያ ማረጋገጫ ነው። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተዘረጋው በዚህ አሠራር ገበሬው ገንዘቡን የሚከፍለው ወይም ብድሩን የሚፈርመው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በዛሬው ጸደይ ባንክ በኩል ነው። የተሰጠውን ቫውቸር ይዞ ወደ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ይሄድና ዩሪያና ኤንፒኤስ የተባሉትን ማዳበሪያዎች ይረከባል። ዓላማው ጥሬ ገንዘብ በመጋዘን እንዳይንከራተትና ማኅበሩ ባልተሰበሰበ ዕዳ እንዳይወድቅ ነው። በብድር የተወሰደ ማዳበሪያ እንዲያውም ወለድ ይከተለዋል፤ ገንዘብ በእጁ እያለ በብድር ቫውቸር የሚወስድ ገበሬ ለኩንታሉ የሚያወጣው ይበዛል። መንግሥት በሚደጉምበት ጊዜም ድጎማው አስቀድሞ ከመሸጫ ዋጋው ላይ ይቀነሳል፤ ቫውቸሩን ያስቀመጠ ሰው በኋላ የሚጠይቀው ልዩነት የለም።

እውነተኛው ተመላሽ ያለው እዚያው መጋዘን ውስጥ ነው፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ከማኅበሩ በገዛውና ለማኅበሩ በሸጠው መጠን ከዓመቱ ትርፍ ድርሻ ያገኛል። ሐሳቡን በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ ሱቅ የከፈቱ ሠራተኞች አስፋፉት፤ በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም በተካው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ይቀመጣል፤ ለአባላት ከሚከፋፈለው ከፊሉ በዕጣ፣ ማለትም አባሉ በያዘው አክሲዮን መጠን፣ ከፊሉ በተሳትፎ ይደርሳል። ተሳትፎ የሚባለው ከማኅበሩ ጋር የተደረገ ግብይት ነው። አንድ ማኅበር በዓመቱ መጨረሻ ለተሳትፎ ክፍፍል 60,000 ብር ቢመድብና የአባላቱ ግብይት በድምሩ 2,000,000 ብር ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ብር 3 ሳንቲም ይደርሳል። በዓመቱ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ዘይትና ስኳር በ20,000 ብር የገዛ አባል 600 ብር ይመለስለታል ማለት ነው። ከከፈለው 3 በመቶ መሆኑ ነው፤ ለቤቱ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ይህን ገንዘብ በተመለከተ የሚነገሩ ስህተቶች ብዙ ናቸው። አንደኛውና ዋነኛው «አባል ከሆንኩ ድርሻዬ የትም አይሄድም» የሚለው ነው። የተሳትፎ ድርሻ የሚሰላው ከመዝገብ ነው፤ መዝገቡም የሚሞላው በደረሰኙ ላይ ከተጻፈው ስም ነው። በክረምቱ መግቢያ፣ ለበቆሎው ማዳበሪያ በሚጣደፉበት ሰሞን፣ አንዱ ለሦስት ጎረቤት ገዝቶ በአህያ ወይም በጋሪ ጭኖ መመለሱ የተለመደ ነው። ሁሉም በአንድ ስም ከተቆረጠ ሦስቱ ጎረቤቶች በዚያ ዓመት ምንም እንዳልገዙ ይቆጠራሉ። ጸሐፊው ሦስት ደረሰኝ በሦስት ስም ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ይህን መጠየቅ የአባል መብት ስለሆነ በይሉኝታ ሊታለፍ አይገባም።

ሌላው ደግሞ ብዙ ዕጣ ያለው ሰው ሁሉን ይጠቀልለዋል የሚለው ስጋት ነው። አንድ አባል ከማኅበሩ ጠቅላላ ዕጣ ከ10 በመቶ በላይ ሊይዝ አይችልም፤ በጠቅላላ ጉባኤም ድምፁ አንድ ነው። በአንጻሩ ማዳበሪያ ስለተሸጠ ብቻ ትልቅ ትርፍ የሚጠብቅም ይሳሳታል። የማዳበሪያ ዋጋ የሚወሰነው ከግዢው፣ ከወደብ እስከ መጋዘን ካለው ማጓጓዣና ከሌሎች ወጪዎች ተነስቶ ነው፤ ለመሠረታዊ ማኅበሩ የሚተርፈው የአገልግሎት ክፍያ አነስተኛ ነው። የሚከፋፈል ትርፍ ይበልጥ የሚጠበቀው ማኅበሩ የአባላቱን በቆሎ ሰብስቦ በጥሩ ጊዜ ሲሸጥና፣ መቀመጫውን ፍኖተ ሰላም ያደረገውን ዳሞትን ከመሰለ የማኅበራት ዩኒየን የራሱን ድርሻ ሲቀበል ነው። ክፍፍሉ ደግሞ ሒሳቡ ኦዲት ተደርጎ ጉባኤው ሳይወስን አይከናወንም። ኦዲት ሲዘገይ ክፍፍሉም ይዘገያል፤ «ትርፋችን የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ መጀመር ያለበት «የመጨረሻው ኦዲት የየትኛው ዓመት ነው?» ከሚለው ነው።

ወደ ከተማው ሱቅ ሲመጣ የሚሰማው «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ይቀንሳል» የሚለው ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ስለሆነ 1,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ከታክሱ ጋር 1,150 ብር ይሆናል። ነጋዴው ያለ ደረሰኝ በ1,050 ሲሸጥ ገዢው 100 ብር ያተረፈ ይመስለዋል፤ 50 ብሩ ግን ለመንግሥት ሳይገባ በነጋዴው እጅ ቀርቷል፣ ገዢውም ማስረጃውን አጥቷል። ለታክስ ያልተመዘገበ ነጋዴ ደግሞ ከመጀመሪያው 15 በመቶውን መጨመር አይችልም፤ ስለዚህ «ቀነስኩልህ» የሚለው ጨርሶ የማይገባውን ነው። ደረሰኝ የያዘ ሁሉ ታክሱ ይመለስለታል የሚለውም ትክክል አይደለም። በግዢ የከፈለውን ታክስ ማቀናነስ የሚችለው ለታክሱ የተመዘገበ ነጋዴ ነው፤ ለቤቱ የገዛ ሰው አይመለስለትም።

ደረሰኙ ለቤት ገዢ የሚጠቅመው ዕቃው ጉድለት ሲገኝበት ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ በግድግዳም በደረሰኝም ላይ ስለሚታይ ሕግ ይመስላል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ውኃ መሳቢያ ሞተር ወይም የመርጫ መሣሪያ ለሚገዛ ገበሬ ይህ ከየትኛውም ቅናሽ የሚበልጥ ገንዘብ ነው፤ ያለ ደረሰኝ ግን የት እንደተገዛ ማስረዳት ይከብዳል። የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ መያዣም እንደ ትርፍ ሊታይ አይገባም፤ ገዢው ያስያዘው የራሱ ገንዘብ ነው፣ ባዶው ሲመለስ ይመለሳል።

በስልክ የሚመጣው ተመላሽ አዲስ ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የስልክ ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአየር ሰዓት በእሱ ለሚገዙ ጭማሪ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ጭማሪው ምንም ሳይጠየቅ በራሱ ይገባል። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚል ደዋይ ግን አጭበርባሪ ነው። ገንዘብ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥር ለሌላ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ መግባት አለመግባቱ *127# ላይ ቀሪ ሒሳብን በማየት ይታወቃል።