ዲ.ኤን.ኤ.ን በአነስተኛ ወጪ ለይቶ የማሳያ ዘዴዎች ንጽጽር

ዲ.ኤን.ኤ. አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው፣ በጄል ውስጥ ሆኖ ኤሌክትሪክ ሲተላለፍበት ወደ አዎንታዊው ዋልታ ይጓዛል። ጄሉ እንደ ወንፊት ስለሚያገለግል አጫጭሮቹ ቁርጥራጮች ይቀድማሉ፤ ረጃጅሞቹ ይዘገያሉ። በዚህ መሠረት ላይ የቆሙት ዘዴዎች ግን በዋጋም ሆነ በአደጋ እኩል አይደሉም።

ፖሊአክሪላማይድ በአንድ ቤዝ ብቻ የሚለያዩትን ሳይቀር ለመለየት ያስችላል። ሆኖም አክሪላማይድ ከመርጋቱ በፊት ነርቭን የሚጎዳ መርዝ በመሆኑ ለመማሪያ ክፍል አይመከርም። አንድ ከመቶ አጋሮዝ ከ500 እስከ 10,000 ቤዝ ጥንድ ያላቸውን በሚገባ ይለያል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። ለምግብ የሚውለው አጋር ርካሽ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው አጋሮፔክቲን መስመሮቹን ያደበዝዛል።

መብራት በሌለበት ትምህርት ቤት 5 ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ቢያያዙ 45 ቮልት ይሰጣሉ፤ ሥራው ይዘገያል እንጂ አይስተጓጎልም። የ220 ቮልት መስመር ግን ከጄሉ ጋር በቀጥታ ፈጽሞ መያያዝ የለበትም። ለማቅለሚያም ዘረመልን የመለወጥ ጠባይ ካለው ኢቲዲየም ብሮማይድ ይልቅ ሜቲሊን ብሉ ይመረጣል፤ ብዙ ዲ.ኤን.ኤ. ቢፈልግም ውጤቱ በተራ ብርሃን ይታያል።

እንግዲህ መርሑን ለማሳየት አጋር ይበቃል፤ የትምህርቱ ዓላማ የቁርጥራጮቹን ርዝመት መለካት ሲሆን ግን ለአጋሮዝ የሚወጣው ገንዘብ እንደ ብክነት ሊቆጠር አይገባም።