ጎማውን ቤት እንቀይረው ወይስ ጎሚስታ እንውሰደው?

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ክረምት ሽሮ ሜዳ በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ በገዛ እጄ የበሳሁት ካላማደሪያ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ክፍል ውስጥ ኦፖርቹኒቲ ኮስት እየተባለ የምንማረውን ነገር በደንብ የገባኝ ያን ጊዜ ስለሆነ ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ታላቅ ወንድሜ በሞተር ሳይክል ዕቃና መልእክት ያደርሳል። እንደሚታወቀው የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክሎች በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀሱ ከልክሎ፣ ፈቃድ የተሰጣቸው ብቻ እንዲሠሩ አድርጎ ነበር። ወንድሜ ፈቃድ ካገኙት አንዱ ነው። እኛ ቤት ሞተሩ እንደ አንድ ደመወዝተኛ ይቆጠራል። እሱ ከቆመ የቤት ኪራዩም፣ የእኔ የታክሲና የፎቶ ኮፒ ገንዘብም አብሮ ይቆማል።

ታዲያ ክረምቱ ሲገባ የኋላው ጎማ ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ሆነ። ጉለሌን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከእንጦጦ ሥር ተነስቶ በዝናብ ቁልቁል መውረድ በልሙጥ ጎማ የሚደፈር አይደለም። አዲስ ጎማ ተገዛ። ጎማ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ፣ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋው ቀልድ አይደለም። ኪሳችን ባዶ ቀረ። ያኔ ነው እኔ "ለማስቀየሪያ ደግሞ ምን አስከፈለን? መመሪያ ደብተሩ አለ፣ ቤት እንቀይረዋለን" ያልኩት። ወንድሜ "ተይ ይቅርብን" አለኝ። እኔ ግን ሒሳቡን ሠርቼ ጨርሼ ነበር፤ የአንድ ምሳ ዋጋ እናተርፋለን!

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ

የሞተሩ መመሪያ ደብተር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የሰፈራችን ጎሚስታ ደግሞ የሚናገረው ሌላ ቋንቋ ነው። ጎሚስታ፣ ካላማደሪያ፣ ቸርኬ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ የምንላቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ለምሳሌ ካላማደሪያ "የአየር ክፍል" ከሚለው "ካሜራ ዳርያ" የመጣ ነው። ይህ ሙያ እዚህ አገር በአብዛኛው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጆሮ ወደ ጆሮ የተላለፈ ነው። ስለዚህ ደብተሩን ማንበቤ ሥራውን ማወቅ መስሎኝ ነበር፤ ስህተቴ የጀመረው ከዚህ ነው።

ያን ማታ ምን ሆነ?

የኋላውን ጎማ ለማውጣት ሰንሰለቱን፣ የፍሬኑን ዘንግና ጎማውን መሐል ለመሐል አቋርጦ የሚያልፈውን ፔርኖ መፍታት ያስፈልጋል። ይህን በደህና ሠራን። ከዚያ አሮጌውን ጎማ ከቸርኬው ለማላቀቅ ተሰለፍን። የጎማ ብረት (ሌቫ) ስላልነበረን ሁለት ትልልቅ ካቻቢቴዎች ያዝን። ወንድሜ በጉልበቱ ይጫናል፣ እኔ እፈለቅቃለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ታገልን። አዲሱን ስናስገባ ደግሞ የመጨረሻዋ አንድ ስንዝር አልገባ አለች። በካቻቢቴው ስጫናት "ጧ" ብላ ገባች። አጨበጨብን! ሦስት ሰዓት ፈጀብን እንጂ ሥራው አለቀ ብለን በባትሪ ብርሃን ዕቃውን ሁሉ መልሰን ገጠምን።

ጠዋት ስንነሳ ጎማው መሬት ተኝቷል። ካቻቢቴው ካላማደሪያውን ነክሶት ነበር።

ጉልበት ሳይሆን ጎድጓዳው

ወንድሜ ሞተሩን እየገፋ፣ እኔ ከኋላ እየደገፍኩ ሰፈራችን ወዳለ ጎሚስታ ሄድን። ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኛ ሦስት ሰዓት የታገልነውን ሥራ እሳቸው ሃያ ደቂቃ አልሞላቸውም። ዝም ብዬ አየሁ፣ ከዚያ ጠየቅኳቸው። የነገሩኝን እንዲህ ላብራራው።

የጎማው ከንፈር፣ ማለትም ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ጠርዝ፣ ውስጡ የብረት ሽቦ ስላለው አይለጠጥም። የቱንም ያህል ብንጫነው አይሰፋም። ታዲያ ከእሱ የሚሰፋውን የቸርኬ ጠርዝ ተሻግሮ እንዴት ይወጣል? መልሱ ቸርኬው መሐል ላይ ነው። የቸርኬው መሐል ጎድጓዳ ነው። በአንድ በኩል ከንፈሩን በጉልበት ተጭነን ጎድጓዳው ውስጥ ካስገባነው፣ በተቃራኒው በኩል የዚያኑ ያህል ይላላል። ያኔ በትንሽ ብረት፣ ጥቂት ጥቂት እየተያዘ በቀላሉ ይወጣል። እኛ ግን ይህን ባለማወቃችን የማይለጠጥ ሽቦ ለመለጠጥ ነበር ስንታገል ያመሸነው። ካላማደሪያ የሚነከሰውም እንዲህ ሲሆን ነው።

ጋሼ ሌላም ነገር አሳዩኝ። ከንፈሩን በሳሙና ውኃ ያርሱታል። ካላማደሪያውን ከማስገባታቸው በፊት ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ጥቂት አየር ይሰጡታል፤ እንዲህ ሲሆን አይታጠፍም፣ ብረት ሥርም አይገባም። አዲሱን ጎማ ሲገጥሙ ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምረው ቫልቩ ጋ ይጨርሳሉ። የቸርኬውን ሽቦዎች ጫፍ የሚሸፍነውን የላስቲክ ቀበቶ በጣታቸው ዳብሰው ያያሉ፤ እሱ ከተሸራተተ የሽቦው ጫፍ ካላማደሪያውን ይበሳዋል። በመጨረሻም ጎማው ላይ ያለው ቀስት ወደ ፊት በሚሽከረከርበት አቅጣጫ መሆኑን ይመለከታሉ። በደብተሩ ላይ ከነዚህ ገሚሶቹ ተጽፈዋል፣ እኔ ግን ሳነባቸው ዋና ነገር አልመሰሉኝም ነበር።

ከመበሳቱ የባሰው

እስካሁን ያልኩት የገንዘብና የጊዜ ጉዳይ ነው። ዋናው ቁም ነገር የሚከተለው ነው። ጋሼ ጎማውን ለማውጣት ጎንበስ ሲሉ ድንገት ቆሙና "ይሄን ማን ነው የገጠመው?" አሉ።

"እኔና እኅቴ ነን ጋሼ" አለ ወንድሜ።

የወንድሜ ሞተር የኋላ ፍሬኑ የታምቡር ፍሬን ነው። ፍሬኑ ሲረገጥ የፍሬን ሸራው ከሚሽከረከረው ታምቡር ጋር ይጣበቃል። ታምቡሩም ሸራውን የተሸከመውን ክዳን ይዞት ሊዞር ይፈልጋል። እንዳይዞር የሚይዘው ከሞተሩ አካል ጋር የታሰረ አንድ ብረት ነው። የዚያ ብረት ዳዶ ተጠብቆ፣ እንዳይፈታም በምትታጠፍ ቀጭን ሽቦ ይታገዳል። እኛ ዳዶውን በጣት ብቻ አዙረን ትተነዋል። ሽቦዋ ደግሞ የለችም፤ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ከጭቃ ላይ አገኘኋት። ዳዶው ወልቆ ብረቱ ቢላቀቅ ፍሬን በተያዘበት ቅጽበት ክዳኑ ይዞራል፤ ጎማው ቀጥ ብሎ ሊቆም ወይም ፍሬኑ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።

ጋሼ ወንድሜን ቀና ብለው አዩትና "ጎማ ቢበሳ ምንም አይደል፤ አየር ሲወጣ ታቆማለህ። ይቺ ብትወልቅ ግን ማን ያቆምህ ነበር?" አሉት። ወደ እኔም ዞረው "አንቺም ልጄ፣ መፍታት አይደለም ሙያው፣ መግጠሙ ነው" አሉኝ።

ወንድሜ ያን ጠዋት ካላማደሪያው ባይተኛ ኖሮ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ይወርድ ነበር፣ ያውም ታክሲና አውቶቡስ በሚተራመስበት ሰዓት። ይህን ሳስብ እስካሁን ሆዴ ይርዳል።

ሒሳቡን እንደገና

ጋሼ ዳዶውን ስላጠበቁበትና ሌላ ሽቦ ስላስገቡበት ምንም አልጠየቁንም። ያስከፈሉን የካላማደሪያውን ልጥፍና የጎማውን ሥራ ብቻ ነው። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ሒሳብ ስሠራ "የጎሚስታ ዋጋ" ብዬ የጻፍኩት ይህንኑ ክፍያ ነበር። በዚያ ዋጋ ውስጥ ግን ያልተጻፈ ነገር አለ፤ የሚያይ ሰው ዓይን ነው። አንድ ሌላ ሰው፣ ያውም ብዙ ያየ ሰው፣ ሥራህን ጎንበስ ብሎ ማየቱ ዋጋ አልወጣለትም፤ ስለዚህ ሒሳባችን ውስጥ ሳይገባ ይቀራል።

በሌላ በኩል ቤት መሥራት "በነጻ" ያልኩትም ነጻ አልነበረም። የሁለት ሰው ሦስት ሦስት ሰዓት፣ የወንድሜ የግማሽ ቀን ገቢ፣ በዚያ ላይ ላለመክፈል የሸሸነው የጎሚስታ ዋጋ ራሱ። አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የስፒል ፋብሪካን ምሳሌ ያነሳው ለዚህ ነው። አንድን ሥራ ደጋግሞ የሚሠራ ሰው ቅልጥፍናው አልፎ አልፎ ከሚሞክረው ጋር አይወዳደርም።

እንግዲያው ሁልጊዜ ጎሚስታ እንሂድ?

አይደለም። ጎሚስታም ሰው ነውና ይሳሳታል። ከዚህ በፊት ሌላ ሰፈር ከፍለን ያሠራንበት አንድ ቤት ሰንሰለቱን እንደ ክራር ጅማት ወጥሮ ሰጥቶን ነበር። የሞተር ሰንሰለት በጣት ሲነካ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል መላወስ አለበት፤ ከተወጠረ ጥርሱንም ኩሽኔታውንም ይበላል። እዚያው ቤት አየሩን የሞሉት ሳይለኩ፣ ጎማውን በመዳፍ መታ መታ አድርገው ነው። የእኛ ሞተር መመሪያ ግን ለኋላ ጎማ ብቻውን ለሚነዳ 28፣ ሰው ወይም ዕቃ ሲጫን 32 ፒ.ኤስ.አይ. ይላል። ይህን የሚያውቀው ባለ ሞተሩ ነው እንጂ መንገድ ዳር ያለ ሠራተኛ የሁሉንም ሞተር ልክ ሊያስታውስ አይችልም።

ደግሞም ጎሚስታ የሌለበት ቦታ አለ። ወንድሜ አንዳንድ ጊዜ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታ ይላካል። ዳገቱ ላይ ጎማ ቢተኛና ሲመሽ፣ ማውጣትና መለጠፍ የሚችል ሰው ቤቱ ይገባል፤ የማይችል እዚያው ያድራል።

ጎማ ስንገዛም ቢሆን ማወቁ ይጠቅማል። በጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ፤ ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው። 2316 የሚል ጎማ ብናገኝ በ2016 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ በእኛ 2008 ዓ.ም. ማለት ነው። "የ2016 ነው፣ አዲስ ነው" ቢባልና በእኛ አቆጣጠር ብናስበው ስምንት ዓመት ያህል ተታለልን ማለት ነው። ላስቲክ ደግሞ ተቀምጦም ያረጃል።

ምን እናድርግ?

እኛ ቤት አሁን ሥራውን ከፍለነዋል፤ ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፣ አየር መለካት፣ የሰንሰለቱን መላወስና ዳዶዎቹን ማየት ሁልጊዜ የቤት ሥራ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለማንም አይተውም።

ሁለተኛ፣ ጎማውን ከሞተሩ ቤት እንፈታለን፤ ጎማውን ከነቸርኬው ብቻ ተሸክመን ጎሚስታ እንወስዳለን፤ መልሰን ቤት እንገጥማለን። የተፈታውን ዕቃ በተፈታበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ እንደረድራለን። ማታ በባትሪ ብርሃን ግን አንሠራም።

ሦስተኛ፣ ካላማደሪያ የሌለው (ቲዩብለስ) ጎማና በእሳት የሚለጠፍ ቀዳዳ መሣሪያው ላለው ባለሙያ ይተው።

አራተኛ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ የሠራው ሰው ብቻውን አይየው። አንዱ ከገጠመ ሌላው ያያል፦ የፔርኖው ዳዶ፣ የፍሬኑ ያዥ ብረት፣ ሽቦዋ፣ የቀስቱ አቅጣጫ፣ አየሩ። ከዚያ ሜዳ ላይ በዝግታ ነድቶ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ መሞከር፤ ቁልቁለቱ ከዚያ በኋላ ነው።

እኔም አሁን ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍል ከመምጣቴ በፊት ጎንበስ ብዬ ያቺን ሽቦ አያታለሁ። ወንድሜ "አሁንስ አበዛሽው!" ይለኛል። እኔ ሳላያት ግን ሞተሩን አስነስቶ አያውቅም።

ቸር ይግጠመን።