ከአልጋ አንጣፊነት እስከ ሐኪሞች አስተማሪነት

በረመዷን ስለ ጾምና ጤና ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ስኳርና ስለ ጨጓራ ነው። ዛሬ ግን በየቤቱ በሹክሹክታ ብቻ የሚነሳ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል፤ ሰላቷን ትታ፣ ከኢፍጣሩ ማዕድ ርቃ ጓዳ ስለምትቀመጥ እናት። ነገሩን የምንጀምረውም ሙያውን በራሳቸው ሕመም ከተማሩ አንዲት አስተማሪ ነው።

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ የገጠር ልጅ ናቸው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ተዳሩ። በመጀመሪያ እርግዝናቸው ለቀናት አምጠው ልጁ ሞቶ ተወለደ፤ እርሳቸው ቢተርፉም ሽንታቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ደረሱ። በዚያ የተቀበሏቸው ባልና ሚስት ሐኪሞች፣ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን፣ በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡት የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር።

ማሚቱ ከሕክምናው በኋላ እዚያው ቀሩ። ያኔ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ ቀጥሎ ሕሙማንን መንከባከብ፣ ከዚያ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል፣ ውሎ አድሮም ራሳቸው መስፋት። ለሥልጠና የመጡ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ከጎናቸው ቆመው ስፌቱን ተማሩ። በ1989 የለንደኑ ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው፤ በ2018 ደግሞ ቢቢሲ ከዓመቱ 100 ሴቶች አንዷ ብሎ መረጣቸው። ዲግሪያቸው የት ነው የሚል ካለ፣ የላቸውም።

እኛን ከሜዳሊያው በላይ የገረመን የማስተማሪያ ዘዴው ነው። በአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ከሕክምና በኋላ የቀሩ ሴቶች በሥራ ላይ ሠልጥነው የነርስ ረዳት ይሆናሉ። አዲስ የመጣችው ሕመምተኛ አንሶላዋ ረጥቦ ስታፍር አጠገቧ የምትደርሰው፣ ትናንት በዚያው አልጋ ላይ የነበረች ሴት ናት። የትኛው መማሪያ መጽሐፍ ይህን ያስተምራል?

ሆስፒታሉ ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያውን ማዕከል በ2005 የከፈተው ባሕር ዳር ነው። ምርጫው ትክክል ነበር እንላለን። በጣና ዙሪያ ያለ መንገድ ለምጥ አይመችም። በደሴት ያለች ነፍሰ ጡር በጀልባ መሻገር አለባት። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ በውኃ ይያዛል፤ ታማሚ በቃሬዛ የሚወሰድበት መንገድ ይቆረጣል። ፊስቱላ የሚፈጠረው እንዲህ ባለ መዘግየት ነው። የሕፃኑ ራስ በዳሌ አጥንት መካከል ተሰንቅሮ ለብዙ ሰዓት ሲጫን፣ ሥጋው ደም ያጣል፤ ከቀናት በኋላ ይሞትና ቀዳዳ ይተዋል። ሽንቱም ያለማቋረጥ ይወርዳል።

አገሪቱ ያለችበትን ለማወቅ፣ በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱትን 26 በመቶ ብቻ ብሎ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ 48 በመቶ ደረሱ። ትልቅ እርምጃ ነው፤ ግን ያን ጊዜም ከሁለት እናቶች አንዷ ቤቷ ትወልድ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጓዳዋ እናት እንመለስ። ብዙዎቹ ሽታውን ፈርተው ውኃ መጠጣት ይቀንሳሉ። ይህ ነገሩን ያብሰዋል፤ ሽንቱ ይወፍራል፣ ሽታው ይበረታል፣ ገላ ይቆስላል፣ የፊኛ ጠጠርም ሊያስከትል ይችላል። በረመዷን ቀኑን ጾማ፣ በኢፍጣርም ውኃ የምትሸሽ ከሆነ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን «እኔ ነጃሳ ነኝ፣ ሰላቴ አይቀበልም» ብላ ከአምላኳ ራሷን ማራቋ ነው። በፊቅህ ሽንት መቆጣጠር የማይችል ሰው ባለ ዑዝር ነው። የሰላቱ ወቅት ሲገባ ታጥባ፣ መከላከያ አድርጋ፣ ውዱእ አድርጋ ትሰግዳለች፤ ከዚያ በኋላ ሳትፈልግ የሚወርደው ሰላቷን አያፈርስባትም። ጾሟንም አያበላሽም። በዝርዝሩ መዝሀቦች ስለሚለያዩ የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ፤ ጥያቄውን እርሷ ብታፍር ባሏ ወይም እናቷ ይጠይቁላት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ ሌላ ነው። ስፌቱ እስኪሽር ቀጭን የሽንት ቱቦ ይገባላታል፤ ቱቦው እንዳይዘጋም ብዙ ውኃ መጠጣት ግድ ይላታል። ስለዚህ በሕክምና ላይ ያለች እናት አትጾምም፤ ሕመምተኛ ናትና ስትድን ቀዷ ታወጣለች። «ረመዷን ይለፍና እንሄዳለን» የሚሉ ቤተሰቦች ሊያውቁት የሚገባም አለ፦ ከወሊድ በኋላ ወዲያው የተደረሰበት ትንሽ ቀዳዳ አንዳንዴ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በቱቦ ብቻ ይደፈናል። አንድ ወር መጠበቅ ይህን ዕድል ሊያሳጣ ይችላል።

ሐምሊኖች በ1959 የመጡበት ሐሳብ በ2007 ዳግም ነፍስ ዘራ፤ በአዲስ አበባ አቅራቢያ የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ተማሪዎቹ ከገጠር የሚመለመሉ ሴቶች ናቸው፤ በዲግሪ ተመርቀው ወደየክልላቸው ይመለሳሉ። ባሏ ወንድ ሐኪም እንዳይነካት የሚፈልግ እናት ባለችበት መንደር፣ ሴት አዋላጅ ማግኘት የሕይወት ጉዳይ ነው። ታዲያ ሴት ልጁን ለዚህ ትምህርት ለመላክ የሚያመነታ አባት ይኖራል። ሩፈይዳ አል-አስለሚያ በመዲና በመስጂዱ ድንኳን ተክላ ቁስለኞችን ታክም ነበር፤ በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰለው ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ የተወሰደውም ወደ እርሷ ነው። በኡሑድ ውኃ እያጠጣች ቁስለኞችን የተንከባከበችው ዑሙ አይመን በረካ ደግሞ ሐበሻ ናት።

ባሕር ዳር ያለው ማዕከል ሕክምናውን የሚሰጠው በነፃ ነው። ለመሄድ የምታስቡ፣ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ይልካችኋል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም መጠየቅ ይቻላል። የዳነች እናት ዳግም ካረገዘች ከመጀመሪያው ጀምሮ ክትትል ታድርግ፤ ስፌቱ እንዳይፈታ የምትወልደው በሆስፒታል፣ በቀዶ ሕክምና ነው። የደሴቶቹ ነዋሪዎች ደግሞ ምጥ ሳይመጣ፣ ዘጠነኛው ወር ሲገባ ተሻግረው በጤና ተቋም የእናቶች ማቆያ ቢቆዩ ይመከራል።