የሚያቃጥለው የትኛው ነው? ስለ ቃሪያ፣ ስለ በርበሬና ስለ ሚጥሚጣ

በምግብ አዳራሻችን ስንግ ቃሪያ በቀረበ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሣል። የቡሬው ልጅ «የኛ አገር በርበሬ ነው የሚያቃጥለው» ሲል፣ የማረቆው ደግሞ የራሱን ያሞግሳል። ሦስተኛው ባልንጀራችን በመካከል ገብቶ «ለመሆኑ ቃሪያና በርበሬ ለየብቻ የሆኑ ተክሎች አይደሉምን?» ይላል። ክርክሩ ሳይፈታ እንጀራው ያልቃል።

በመጀመሪያ ሦስተኛውን እናርመው። ቃሪያና በርበሬ አንድ ተክል ነው። አረንጓዴ ሳለ ሲቀጠፍ ቃሪያ፣ ቀልቶ ሲደርቅ ዛላ በርበሬ፣ ከቅመሙ ጋር ተደልዞ ሲፈጭ ደግሞ እናቶቻችን በስልቻ የሚልኩልን ዱቄት ይሆናል። ሚጥሚጣ ግን የቅርብ ዘመዱ እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም፤ የዕፀዋት ሊቃውንት በርበሬን ካፕሲኩም አኑም፣ ሚጥሚጣን ካፕሲኩም ፍሩተሰንስ ብለው ይለዩአቸዋል። ቁንዶ በርበሬማ በስም ብቻ ነው የሚገናኛቸው። በርበሬና ሚጥሚጣ የመነጩት ከአሜሪካ ምድር ሲሆን፣ ወደ ሌላው ዓለም የተሻገሩት ኮሎምበስ በ1492 (እ.ኤ.አ.) ወደዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። እንግዲህ የቀድሞዎቹ አባቶቻችን ያለ በርበሬ ወጥ ይበሉ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ለአያቴ ብነግራቸው የሚያምኑኝ አይመስለኝም።

የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። ብዙ ሰው ዘሩ ውስጥ ያለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሚሠራው ዘሩ በተጣበቀበት ነጭ ሥጋ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዘሩን አራግፎ ነጩን የተወ ሰው ከቃጠሎው አላመለጠም። ደግሞም ቃጠሎ ጣዕም አይደለም። ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው የአሜሪካ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በ1997 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ ካፕሳይሲን የሚነካው ከ43 ዲግሪ በላይ ያለውን ሙቀት ለሰውነት የሚያሳውቀውን ተቀባይ ነው። ምላሳችን በእውነት እሳት የነካው ይመስለዋል። ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ወፎች ግን ይህ ቃጠሎ አይሰማቸውም፤ ሚጥሚጣውን ለቅመው ዘሩን በየዱሩ ይበትናሉ።

ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም። ቃሪያ ያቃጠለው ሰው ውኃ ሲጠጣ ቃጠሎውን በአፉ ውስጥ ከማዞር በቀር የሚጠቀመው ነገር የለም። ወተትና እርጎ ያበርዳሉ። በጾም ቀን ግን ወተት አይታሰብምና ደረቅ እንጀራ ደጋግሞ መጉረስ ነው።

ቃጠሎን በቁጥር የመለካት ዘዴ ያወጣው ዊልበር ስኮቪል የተባለ አሜሪካዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ ዘመኑም 1912 (እ.ኤ.አ.) ነበር። የቃሪያውን ጭማቂ በስኳር ውኃ እያቀጠነ፣ ቀማሾቹ ቃጠሎ እስኪጠፋባቸው ድረስ ስንት እጥፍ እንደ ቀጠነ ይቈጥር ነበር። ዛሬ በመሣሪያ ይለካል፤ ስሙ ግን ቀርቷል። በዚህ ልክ ትልቁ የፈረንጅ ቃሪያ 0 ነው፤ የሜክሲኮው ሃላፔኞ ከ2,500 እስከ 8,000 ይደርሳል፤ የሚጥሚጣ ወገን የሆኑት ትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ ከ50,000 እስከ 100,000 ናቸው። ንጹሕ ካፕሳይሲን 16 ሚሊዮን ነው።

አሁን ወደ ቡሬውና ወደ ማረቆው ክርክር እንመለስ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ደጋ ናት፤ በርበሬ ግን ሙቀት ይወዳል። ስለዚህ የገበያችን ዛላ የሚመጣው ዝቅ ካለው ወይና ደጋ፣ ከቡሬ፣ ከወንበርማና ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ ነው። አንዱ ዘር እንኳ በየቦታው እኩል አያቃጥልም፤ ውኃ የጠማው ተክል ብዙውን ጊዜ ቃጠሎው ይበረታል። ይሁን እንጂ ዘርም ይለያያል። ማረቆ ፋና የተባለው ዛላው ትልቅ፣ ቀለሙ የጠቆረ ቀይ ነውና በቀለሙ ይፈለጋል፤ ባኮ ሎካል የተባለው ደግሞ ሌላ ዘር ነው። እንግዲህ «የማን አገር?» ከማለት በፊት «የትኛው ዘር?» ማለት ይገባል።

በዚህ ላይ ግን ከማዕድ ክርክር የሚበልጥ ነገር አለ። የበርበሬ አበባ ራሱን በራሱ ቢያዳብርም፣ ንብ ከጎረቤት ማሳ ዱቄት ታመጣበታለች። በዚያ ዓመት ዛላው አይለወጥም፤ በውስጡ ያለው ዘር ግን ተደባልቋል። ገበሬው ከደረቀው ክምር ያማረውን ዛላ መርጦ ለዘር ሲያስቀምጥ፣ እናቱ ተክል ጤነኛ ትሁን ወይም በአጠውላጊ በሽታ የተነካች ትሁን አያውቅም። በሚቀጥለው ዓመት ማሳው ግማሹ ቀጭን፣ ግማሹ ወፍራም ሆኖ ይወጣል፤ ነጋዴውም ዋጋ ይቀንስበታል። ግብሩም፣ የልጆቹም ደብተር የሚገዛው በዚያው በርበሬ ነው። ዘር የሚመረጠው ተክሉ ገና በማሳው ቆሞ ሳለ፣ ከእርሻው መካከል፣ ካልጠወለገውና ፍሬው ከበዛው ላይ ነው። ከበርበሬ አገር የመጣችሁ ባልንጀሮቼ፣ ለዕረፍት ስትሄዱ ዛላው መቅላት ከጀመረ ከአባታችሁ ጋር ማሳውን ዙሩና በመልካሞቹ ተክሎች ላይ ክር እሰሩባቸው።