አላርም ፎን፦ ከባሕር መሐል የሚደወልለት ስልክ

ከሊቢያ ጠረፍ የተነሣ የጎማ ጀልባ ሞተሩ ሲጠፋ ወይም ውኃ ማስገባት ሲጀምር፣ ተሳፋሪዎቹ ከሚደውሉላቸው ቁጥሮች አንዱን የሚያነሣው የባሕር ኃይል መኮንን አይደለም። በርሊን፣ ቱኒስ፣ ፓሌርሞ ወይም ማርሴይ ውስጥ ካርታ ከፍቶ ያለ ክፍያ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ነው። ተማሪ ወይም ነርስ ሊሆን ይችላል፤ ያንኑ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ስደተኛም ሊሆን ይችላል። እነዚህ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩበት መረብ አላርም ፎን ይባላል። ከኦክቶበር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስልኩን ቀንና ሌሊት በፈረቃ ሲጠብቁ ኖረዋል።

ስደተኛን መርዳት ሲባል ቶሎ የሚታየን ድንኳን፣ ብርድ ልብስና የዱቄት ጆንያ ነው። አላርም ፎን ከእነዚህ አንዱም የለውም። መርከብ የለውም፣ ማንንም በእጁ ከውኃ አያወጣም። የሚያደርገው ጥሪውን መስማት፣ መመዝገብና የማዳን ግዴታ ያለበትን አካል ግዴታውን እስኪፈጽም መወትወት ነው። ይህ ቀላል ከመሰለ በ2011 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል።

ያኔ አላርም ፎን አልነበረም፤ የአንድ ካህን የእጅ ስልክ ግን ነበር። አባ ሙሴ ዘርአይ አሥመራ ተወልደው በወጣትነታቸው ጣሊያን የገቡ የካቶሊክ ካህን ናቸው። የስልካቸው ቁጥር በሊቢያ እስር ቤት ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተጽፎ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ ነበር። ባሕር የገባ ሰው ሲጨንቀው ለእሳቸው ይደውላል፤ እሳቸው ደግሞ ለጣሊያን የባሕር ጠረፍ ጠባቂ።

በማርች 2011 መጨረሻ፣ ሊቢያ በጦርነት ስትታመስ፣ 72 ሰዎች የጫነ ትንሽ የጎማ ጀልባ ከትሪፖሊ ተነሣ። ከ72ቱ 47ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ የቀሩት ናይጄሪያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ጋናውያንና ሱዳናውያን። ጉዞው ሲከፋባቸው በሳተላይት ስልክ ለአባ ሙሴ ደወሉ። አባ ሙሴ ወዲያው ለሮም የነፍስ አድን ማስተባበሪያ ተናገሩ፤ ሮምም የጀልባውን ቦታ አግኝታ በአካባቢው ላሉት መርከቦችና ለኔቶ መልእክቱን አሰራጨች። አንድ ሄሊኮፕተር መጥቶ ውኃና ብስኩት ጣለላቸውና ሄደ። የጀልባው መሪ ርዳታ ደረሰልን ብሎ አመነ፤ በአሻጋሪነት እንዳይከሰስም የሳተላይት ስልኩን ባሕር ውስጥ ወረወረው። ሄሊኮፕተሩ ግን አልተመለሰም። ከቀናት በኋላ አንድ ትልቅ የጦር መርከብ ተጠጋቸው። በሕይወት ያሉት የሞቱትን ሕፃናት ብድግ አድርገው እንዳሳዩት የተረፉት መስክረዋል። መርከቡም ጥሏቸው ሄደ። ጀልባው ሁለት ሳምንት ያህል ተንሳፍፎ መልሶ የሊቢያ ዳርቻ ላይ ተጣለ። 63 ሰዎች ሞቱ፤ የተረፉት 9 ብቻ ናቸው።

የአውሮፓ ምክር ቤት የፓርላማ ጉባኤ ነገሩን መርምሮ በ2012 ዘገባ አወጣ። ዘገባውን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያንገበግበዋል፤ መረጃ አልጠፋም ነበር። ተደውሏል፣ ቦታው ታውቋል፣ መልእክቱ ተሰራጭቷል። ከዚያ በኋላ ግን በየሰዓቱ እየደወለ "የላካችሁት ማን ነው? የት ደረሰ?" የሚል አልነበረም።

ከዘገባው በኋላም እልቂቱ አላቆመም። ኦክቶበር 3 ቀን 2013 በጣሊያኗ ላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ አንድ መርከብ ተቃጥሎ ሲሰጥም 368 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። በስምንተኛው ቀን፣ ኦክቶበር 11፣ በዋናነት ሶርያውያንን የጫነ ሌላ ጀልባ ደጋግሞ ለሮም ደወለ። ሮም ለማልታ ደውሉ አለቻቸው። የጣሊያን የጦር መርከብ በቅርብ ርቀት እያለ ሰዓታት አለፉና ጀልባው ተገለበጠ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ 60ዎቹ ሕፃናት ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ2021 ይፋ ባደረገው ውሳኔ ጣሊያን የሰዎቹን በሕይወት የመኖር መብት አላስጠበቀችም ብሏል። አላርም ፎን ሥራ የጀመረው ልክ በዓመቱ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 2014 ነው።

ስልኩ ሲጠራ የመጀመሪያው ጥያቄ "የት ናችሁ?" ነው። በቱርክና በግሪክ ደሴቶች መካከል ባለው በኤጂያን ባሕር መንገዱ አጭር ስለሆነ ተራ ሞባይል ይሠራል፤ ሰዎቹ ያሉበትን ቦታ በዋትሳፕ ይልካሉ። ከሊቢያ የተነሣ ጀልባ ግን ብዙም ሳይቆይ ከኔትወርክ ውጭ ይሆናል። የሚቀረው ቱራያ ነው፤ የሳተላይት ስልኩን ሁሉም የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ቱራያ ጂፒኤስ አለው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ቁጥሮቹን ከስክሪኑ ላይ አንብቦ በቃሉ መናገር አለበት፤ ያውም ማዕበል እየመታው፣ ሕፃናት እያለቀሱ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ። ሠላሳ አራት ዲግሪ የተባለው ሠላሳ አምስት ተብሎ ቢጻፍ ስሕተቱ 60 የባሕር ማይል፣ ማለትም 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው ቁጥሩን አንድ በአንድ ይቀበላል፤ መልሶ ያነባል፤ ካርታው ላይ ያስቀምጣል፤ ነጥቡ የብስ ላይ ካረፈ እንደገና ይጠይቃል።

ከዚያ የሚከተለው ሁሉ ለአዳኙ ይጠቅማል። ስንት ናችሁ? ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ የታመመ አለ? ጀልባው ጎማ ነው ወይስ እንጨት? ቀለሙስ? መቼ፣ ከየት ተነሣችሁ? ጥያቄውን ምክር ያጅበዋል፤ ባትሪ ቆጥቡ፣ በዚህ ሰዓት መልሳችሁ ደውሉ፣ መርከብ ስታዩ ከመቀመጫችሁ አትነሡ። የመጨረሻው ምክር ትንሽ ይመስላል። ብዙ ጀልባ የተገለበጠው ግን አዳኝ ሲጠጋ ሁሉም በደስታ ወደ አንድ ወገን ሲንጋጋ ነው።

ከሥራው ሁሉ እኔን ያስገረመኝ የቱራያው ሒሳብ ነው። ስልኩ ገንዘብ ሲያልቅበት በጎ ፈቃደኛው ካለበት ከተማ ሆኖ በኢንተርኔት ካርድ ይሞላላቸዋል። ቀሪ ሒሳቡንም ማየት ይችላል። ጀልባው ለሰዓታት ዝም ካለና ሒሳቡ ከቀነሰ፣ አንድ ሰው ደውሏል፤ ስልኩም በእጁ አለ ማለት ነው። ሒሳቡ ካልተነካ ተረኛው ይመዘግበውና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሶ ያያል፤ ፈረቃውን ለሚረከበው ሰውም ያስተላልፈዋል።

ቦታው እንደታወቀ ወደ ሮም ወይም ወደ ማልታ ይደወላል። የስልኩ ንግግር አይበቃም፤ ቦታውና ሰዓቱ በኢሜይል ይላካል፣ ስለዚህም "አልሰማንም" ማለት አይቻልም። መልእክቱ እንደ ሲ ዎች እና ኤስ ኦ ኤስ ሜዲቴራኔ ላሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች መርከቦችም ይደርሳል። ባለሥልጣናቱ ዝም ካሉ ጉዳዩ በማኅበራዊ ሚዲያ ይወጣል። በዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ መሠረት የትኛውም የመርከብ አዛዥ ለመርከቡ አደጋ እስካልሆነ ድረስ በባሕር ላይ በጭንቅ ያለን ሰው የማዳን ግዴታ አለበት፤ የተጨነቀው ሰው ፓስፖርት ይኑረው አይኑረው አይጠየቅም። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው ሲወተውት ምጽዋት እየለመነ አይደለም።

ይህን ሥራ ከምንም በላይ የሚያከብደው ሊቢያ ናት። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2012፣ ጣሊያን ሶማሌዎችንና ኤርትራውያንን ከባሕር ላይ ይዛ ወደ ሊቢያ መመለሷ ሕገ ወጥ እንደነበር ፈርዷል። በ2017 ግን ጣሊያን ከሊቢያ ጋር ተስማማች፤ ከዚያ ወዲህ የሊቢያ ጠረፍ ጠባቂዎች በአውሮፓ ገንዘብና ሥልጠና እየታገዙ ሰዎችን ባሕር ላይ እየያዙ ወደ ሊቢያ እስር ቤቶች ይመልሳሉ። ፍርድ ቤት የከለከለውን በሌላ እጅ ማሠራት ይህ ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። የአላርም ፎን ተረኛ "መርከብ ታየን" ሲባል ደስ ከማለቱ በፊት የማን መርከብ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

እነዚህ ሰዎች ደላላን ያግዛሉ የሚል ክስ ይሰማል። አላርም ፎን ጉዞ አያዘጋጅም፤ ስልኩን የሚያነሣው አስቀድሞ በጭንቅ ውስጥ ለገባ ሰው ነው። ክሱ በነፍስ አድን መርከቦች ሠራተኞች ላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ዩቬንታ የተባለችው የጀርመን ወጣቶች የነፍስ አድን መርከብ በኦገስት 2017 ጣሊያን ውስጥ ተያዘች፤ ዓመታት ከፈጀ ምርመራ በኋላ በኤፕሪል 2024 የትራፓኒ ከተማ ዳኛ ጉዳዩን ዘጋው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ዩቬንታ ከወደብ አልወጣችም።

ለአላርም ፎን አገልግሎት የሚመዘገብ ሰው መርከበኛ መሆን አይጠበቅበትም። ከልምድ ካለው ጋር ተቀምጦ ይማራል፤ ካርታና የቦታ ቁጥር ያጠናል፤ ሌሊት ሊነቃ፣ ሳይጮኽ ሊናገር፣ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ሊጽፍ ይገባል። ቋንቋ ትልቅ ሀብት ነው። አረብኛና ፈረንሳይኛ ብዙ ይፈለጋሉ፤ በጀልባዎቹ ላይ ግን አማርኛና ትግርኛም አለ፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ቁጥር በትክክል የሚቆጥረው በአፍ መፍቻው ነው። አውሮፓ ውስጥ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ አንድ ነገር ላድርግ ካለ በዚህ በኩል የሚሰጠው ነገር አለው።

ጀልባው ሳይገኝ ሲቀር ሥራው አያበቃም። ልጄ ባሕር ገባ፣ ድምፁ ጠፋ የሚል ቤተሰብ ይደውላል። ያኔ የሚጠቅመው ጀልባው የተነሣበት ከተማና ቀን፣ የተሳፋሪው ብዛት፣ የጀልባው ዓይነት፣ ልጁ በመጨረሻ የደወለበት ሰዓትና አብሮት የነበረ ሰው ስልክ ነው። አገር ቤት ያለ ቤተሰብ እነዚህን ጽፎ ቢያስቀምጥ ፍለጋው በኋላ መነሻ ያገኛል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም የጠፋ ዘመድ ፍለጋ አገልግሎት አለው፤ የቀይ መስቀል ንቅናቄ ትሬስ ዘ ፌስ በተባለው አገልግሎቱ ዘመዳቸውን የሚፈልጉ ሰዎችን ፎቶግራፍ ያወጣል። እዚያ የሚወጣው የፈላጊው ፎቶ ነው፤ የጠፋው ሰው በሕይወት ካለና ካየው ራሱ መልስ እንዲሰጥ።