የቴያትር ትኬት እንዴት ይቆረጣል?

ክረምት ላይ ከጓሳ አዲስ አበባ አጎቴ ጋ ሄጄ ነበር። እንቁላል ሸጬ ያጠራቀምኩትን ብር ይዣለሁ፤ በቴሌቪዥን የማውቃቸውን ተዋንያን በአካል ላይ ብዬ። ቴያትር ቤቱ ስንደርስ ግን «ትኬት አልቋል!» ተባልን። ደጅ የቆመ ሰው በእጥፍ ልሽጥላችሁ ሲል አጎቴ «ተወው፣ ለሚመጣው እሁድ ይደርሳል» አለኝ። እኔ ሐሙስ ተመላሽ ነኝ! አኩርፌ ራትም አልበላሁ። በኋላ እማዬ በስልክ ፈቀደችልኝ። እሁድ ቀድመን ሄደን ከመስኮቱ በዋጋው ቆረጥን። የኋላ ወንበር ደረሰን፤ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቴያትር በሳምንት የራሱ ቀን አለው፤ ፖስተሩን አንብቡ። ፒያሳ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር አለ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን ብሔራዊ ቴያትር ደግሞ ፊት ለፊቱ ባለው ትልቅ የአንበሳ ሐውልት ታውቁታላችሁ። ትኬቴ ደብተሬ ውስጥ ነው፤ ማየት የፈለገ በእረፍት ሰዓት ይምጣ።